ተቀማጭ

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት
ታውኖ ሸሚዙን ሲተኩስ አየሁት፣
ለሠርጋችን የገዛውን፣ እጀ ረጅሙን፣
ከዚያ ወዲህ ለኢሚግሬሽን ብቻ የሚለብሰውን።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር
ባሌ ባሌ መሆኑን ለመንግሥት ስመሰክር።

አራት መቶ ሺህ ባት ባንክ ቤት ተኝቷል፤
ሁለት ወር ሙሉ እንዳይነካ ተብሏል።
ጣሪያችን በአልጋው ራስጌ በኩል ያፈሳል፤
ባልዲ ደቅነናል። ጠብ ይላል። ዝም ይላል። ጠብ ይላል።
ሰላሳ ዓመት ቱርኩ ወደብ መርከብ የበየደ ሰው
ጠብታ እየቆጠረ ያድራል፤ የቆርቆሮ መግዣውን ባንክ ያዘው።
ገንዘቡ ተቀማጭ ነው፣ ባለገንዘቡ እንግዳ፤
አንዱ ባደረ ቁጥር ይወልዳል፣
አንዱ አንድ ቀን ካሳለፈ ዕዳ።

"ባለቤቴ" እላለሁ፤ ቤቱ ግን የሱ አይደለም፤
መሬት በውጭ ዜጋ ስም እዚህ አይመዘገብም።
ምሰሶውን የተከለ፣ በሩን የበየደው እሱ፤
ደብተሩ "ላምዱዋን" ይላል። አልፎ አልፎ ይስቃል በራሱ።

ፎቶ ይፈልጋሉ። ከበሩ ቁጥር ጋር፣ ሁለታችን ቆመን፤
ሳሎን ተቀምጠን፤ መኝታ ቤት፣ እዚያ ደግሞ አፍረን።
ያነሳችን የጎረቤቴ የሳንግወን ልጅ ናት፤
"ጠጋ በሉ" አለች፣ "እንደ ባልና ሚስት።"
ዘጠኝ ዓመት አንድ ትራስ፣ አንድ የትንኝ አጎበር፣
ያን ቀን ግን እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያኖር
እንደ ተዋሰው ዕቃ ያዘኝ፣ ተጠንቅቆ፤
እኔም ፈገግ አልኩ፣ ፊቴ ደርቆ።

ካርታም ይፈልጋሉ፣ በእጅ የተሣለ፣
ድንገት ለቁጥጥር የሚመጣ ካለ።
እርሳሱን ለኔ ሰጠኝ።

ከነዳጅ ማደያው ወደ ግራ፣ በፓጎዳው ግንብ ጀርባ፤
ቦዩን ተሻገሪ፣ ውኃው አይታይም፣ ሁሉ ሎተስ አበባ።
የሩዝ ወፍጮው (ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሰው ግን ያውቀዋል)፤
ነጭ ውሻ ይጮህብሻል፤ አይነክስም፤ ታውኖን ይወደዋል።
ከዚያ የሁመሩ ዛፍ። ከሥሩ ድንጋይ አለ፣ እናቴ የሞተች ለት
የመነኮሳቱን ጸሎት አንድ ቃል ሳያውቅ እስኪነጋ ያደመጠበት።
ድንጋዩን ሣልኩት። መልሼ አጠፋሁት፤ መኮንኗ ምን ታደርግበት?
ላጲስ ግን ሁሉን አይወስድም፤ ግራጫ ነገር ቀረ፣ ከዛፉ በታች።

ከበራችን ጥግ በአንድ እግሯ የቆመች ትንሽ ጎጆ አለች፣
ለግቢው አድባር የተሠራች።
በየጠዋቱ ቀይ ለስላሳ እናቀርብለታለን፣ ከነስትሮው።
ከየት እንደመጣ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ
አንድም ሰው አልጠየቀው።

ኡዶን ታኒ። ተራ ቁጥር አርባ ሰባት።
ሳንግወን ለምስክርነት መጥታለች፣ የለቅሶ ሸሚዟን ለብሳ፣
ምን እንደምትል በመንገድ ሙሉ እያጠናች፣ እየረሳች።
መኮንኗ የልጄ እኩያ ትሆናለች፣ ልጅ ቢኖረኝ።
የጋብቻውን ወረቀት ገለጠች። የባንኩን ደብተር ገለጠች።
ፈገግታችንን አየችው፣ አለፈችው።
መኝታ ቤታችን ላይ ስትደርስ ግን ጣቷን አሳረፈች፦
"ይሄ ምንድን ነው?"
"ባልዲ" አልኳት።
"አልጋ ላይ?"
"ጣሪያው ያፈሳል።"
ደብተሩን አየች፣ አራት መቶ ሺውን፣ ቀኑን፤
ባልዲውን አየች፤
ታውኖን አየች፣ አንገቱን ሸሚዙ አንቆታል።
"የኛም ያፈሳል" አለች፣ በለሆሳስ፣ ለማንም ሳይሆን፤
ማኅተሙንም መታች።
"በመታየት ላይ" ይላል። በሠላሳ ቀን ተመለሱ።

ሳንግወን ሁለት ሳህን ኑድል በላች፤ ቃሏን ማንም ሳይጠይቃት።
ታውኖ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ዓመት አነበበ፣
ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስድሳ ሰባት።
"በኛ አቆጣጠር" አለኝ፣ "ለዚህ ቀን
ገና አምስት መቶ አርባ ሦስት ዓመት ይቀራል።"

እስከዚያ ጣሪያውን እናድሳለን።